ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ጀልባ ስንፈትን

ለውድ ወንድሜ ለሃፍቶም፣ ጅቡቲ

ሰላምታዬ እዚያ ከምታየው ባሕር ይብዛልህ። እኛ ውሃ በሌለበት አገር መርከበኛ ሆነን፣ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነን።

አባዬ ለአርባ ምንጭ ዓሣ አስጋሪዎች የሠራት ጀልባ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ተፈተነች። ሐይቅ ስለሌለን ፈተናው በግልባጩ ነው፤ ውሃውን ውስጧ እንሞላለን፣ ወደ ውጭ ካላፈሰሰች ወደ ውስጥም አታስገባም። ካለፈች ሁለት የቅኝት ጀልባ ሊያዝዙ አንድ ሻለቃ መጥተው ቆመዋል።

የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነውና፣ ጎረቤታችን እትዬ አይናዲስ በርሜላቸውን ገለበጡልን። አባዬንም «ሐድጉ፣ ጠብ ካለች አንተን ነው የምጨምቀው» አሉት።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሻለቃው ተንበርክከው ሥሯን በነጭ መሐረብ ጠረጉ፤ መሐረቡ ደረቅ ወጣ። እልልታው ጊዮርጊስ ድረስ ተሰማ። እትዬ አይናዲስም «ውሃዬ አይባክንም» ብለው እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ብርድ ልብሳቸውን አጠቡ። የባሕር ታሪካችን በዚህ ተጀመረ።

አባዬ መሐረቡ ሲወጣ ክንዴን ይዞ «ምን ሆነ?» ሲለኝ ነበር። ብየዳውንም አሁን በመዳፉ እየዳሰሰ ነው የሚያጣራው፤ የባለሙያ ወግ ነው ይላል። ሻለቃው የአዲሶቹን ጀልባዎች ንድፍ ሲሰጡት በክብር ተቀበለ፣ ዘቅዝቆ ይዞ ብዙ ተመለከተና «እንከን የለውም» አለ። ሳይታይብን ቀስ ብዬ አቃናሁለት። ትዕዛዙ የእኛ ነው።

ለፋሲካ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመህ ፈገግ አትበል፤ ከመንገዱ ጀምረህ አባዬን በድምፅህ ጥራው።

ሠፈሩ ሁሉ እጅ ይነሳሃል።

የጀልባ ሠሪው ልጅ፣ እህትህ ዊንታ