የተሰፋችው ዶሮ

ውድ እማማ፣

እንደምን ከረሙ? ምራትዎ ነኝ፤ «ጥድፊያ» ብለው ስም ያወጡልኝ። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ሴት ልጅዎ ታነሳና «እማዬ ተኝታለች» ትለኛለች። በቀን እንደማይተኙ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። ደብዳቤን መቼም «ተኝቻለሁ» አይሉትም፤ መነጽርዎን ያድርጉና እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርዎት። ሁላችንም ደህና ነን። ሥራው ደግሞ ከደህናም በላይ ነው። ያ ልብስ ማጠቢያ የነበረው የጓሮ ክፍል አሁን ቢያዩት አያውቁትም። ግድግዳውን እስከ ቁመቴ ድረስ ነጭ ሴራሚክ አስለጥፈንበታል። ወለሉንም ወደ ፍሳሹ ዘንበል አስደርገነዋል፤ ውሃ አንድ ቦታ አይተኛም። ዶሮ የሚታረድበትና ላባ የሚነቀልበት ወገን በበሩ በኩል ነው፣ የሚታጠብበትና የሚታሸግበት ደግሞ በመስኮቱ በኩል፣ በመሐል ግድግዳ ገብቷል። ልጅዎ በዚያኛው ወገን የረገጠበትን ቦት ጫማ እንዳደረገ ወደዚህኛው ቢሻገር ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። በሥራ ቀን እዚያው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ የሰው ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ። ቅዳሜ ሽርጤን ስታጠቅ ግን የራሴ አለቃ ነኝ።

«ጓሮ ውስጥ ዶሮ አርዶ መሸጥ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ይሉኝ የነበሩት ባልደረቦቼ አሁን ከሐሙስ ጀምሮ በካርድ ክፍሉ መስኮት ብቅ እያሉ «ለኔም አንድ ያዢልኝ» ይላሉ። እኔም አፍንጫዬን ነፋ አድርጌ «ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር፤ እስቲ እናያለን» እላለሁ። ሁልጊዜም እይዝላቸዋለሁ፤ ግን ትንሽ ካልተኩራራሁ ቅዳሜዬን ሙሉ መልፋቴ ምን ፋይዳ አለው?

የጀመርነው ግን እኔና እርስዎ ነን፤ ይህን ማንም አይቀማንም። በአንድ ሳፋ፣ በአንድ ድስትና በእርስዎ ቢላ። ልጅዎ አውቶቡሱን ሊነዳ ከመውጣቱ በፊት ያርድልናል፤ እርስዎ የሞቀው ውሃ ውስጥ ነክረው ላባውን ይነቅላሉ፤ እኔ ሆዷን ከፍቼ አወጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አሽጋለሁ። ሐሞቷን እንዳላፈርጥ እጄን በእጅዎ ይዘው አሳዩኝ። እኔም በቸኮለ እጄ የመጀመሪያዋን ዶሮ ሐሞት አፈረጥኩት። መራራዋን ዶሮ ለጎረቤት ውሻ ብንሰጠው አሽትቶ ጥሏት ሄደ። «ደንበኛ ማለት እንዲህ ነው፤ አይሸወድም» አሉኝ። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ!

ከዚያ እጅዎ እምቢ አለዎት። አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ዓይን አለኝ። ጠዋት ኩባያ በሁለት እጅ ሲይዙ አያለሁ። ጸጉርዎን በማበጠሪያ መሆኑ ቀርቶ በመዳፍዎ ሲያስተኙት፣ ጣትዎ ሲያብጥ ሽርጡ ሥር ሲደብቁት አያለሁ። ሥራ ስንጨርስ እጅዎን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው ይቆዩና «ውሃው እንዳይባክን ብዬ ነው» ይሉኝ ነበር። የላባ መንቀያ ማሽኑን የገዛሁት ለዚህ ነው። ብነግርዎት «እኔ ምን ሆንኩና?» ብለው እንደሚከለክሉኝ ስለማውቅ ሳልነግርዎት ገዛሁት። ዛሬም ቢሆን ሳልነግርዎት እገዛዋለሁ።

ማሽኑ በመጣ ቀን በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብለው በውስጡ ዙሪያውን የተተከሉትን የጎማ ጣቶች አዩ።

«ይሄ ሁሉ ጣት ነው?»

«አዎ እማማ። ዶሮዋ ስትሽከረከር እየመታ ላባዋን ያራግፈዋል።»

«የኔ አሥር ነው፤ ያውም የታመመ» ብለው ሳቁ። ያ ሳቅዎ አልጣመኝም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ስሜን አስመሰከርኩ። ሁለት ሁለት መክተት ሲገባኝ «ቶሎ እንጨርስ» ብዬ አራት አራት ከተትኩበት። ሲወጡ የግማሾቹ ቆዳ ተቦጭቋል። ሼፉ ደግሞ፣ ያ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት አብሳይ፣ ለእሁድ ምሳ ሙሉ ሙሉ የሚጠበሱ ዶሮዎች አዞናል። ትርፍ ዶሮ አልነበረንም። እውነቱን ልነግረው ስልክ ይዤ ወደ ሳሎን ገባሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ብደውል ብደውል አያነሳም። ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ልጅዎም ዶሮዎቹን ለሼፉ ሊያደርስ ይዞ ወጥቷል።

«የተቀደዱትስ?» አልኩ።

«ተስተካክለዋል።»

«እንዴት ነው የሚስተካከሉት?»

«ተስተካክለዋል አልኩሽ! አንቺ ወለሉን እጠቢ።»

እኔም ወለሉን አጠብኩ። የልብስ መርፌ አውጥተው፣ ነጭ ክር ከተው፣ ክሩን ቆዳው ሥር እየቀበሩ እንደሰፏቸው በምን ልጠርጥር? በዚያ ባበጠ ጣት መርፌ እንዴት እንደያዙ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሼፉ ደወለ። እጄ እርጥብ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «እህቴ፣ የሸጥሽልኝ ዶሮ ነው ወይስ ትራስ? ደንበኛዬ ከአፉ ክር እየጎተተ ነው እኮ!» አለ። እኔ ገባኝ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እርስዎ አልሳቁም። ሽርጥዎን ፈትተው፣ በሥርዓት አጥፈው፣ ወንበር ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ ሥራ አበላሽ ሆኛለሁ። እጅ የሌለው ሰው እዚህ ቤት ምን ያደርጋል?» አሉ። ሰኞ ጠዋት ቢላዎን በጨርቅ ጠቅልለው ሴት ልጅዎ ዘንድ ሄዱ። ብንለምንዎት፣ በር ላይ ብንቆም፣ ወይ ፍንክች።

ከሄዱ ወዲህ የሆነውን አልሰሙም። የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሼፉ ዘንድ ሄድኩ። «የሰፉት አማቴ ናቸው፤ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የተሰፋች ዶሮ ብትታይ ትዕዛዝህን ለሌላ ስጥ» አልኩት። ተኮሳተረና «ስፌቱ ግን አንጀት ያርሳል። ልብስ ሰፊ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። ይኸው እስካሁን አንድም ቅዳሜ አልቀረብንም። በደወለ ቁጥር ከዶሮው በፊት «ባለ መርፌዋ እማማ ደህና ናቸው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እርስዎ በሃፍረት የተደበቁበት ነገር እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ መሳቂያ ሳይሆን መተዋወቂያ ሆኗል።

ይህን ስጽፍ ልጅዎ ከኋላዬ ቆሞ «ማሽኑ ተበላሸ፣ ሥራ ቆመ በያት፤ ነገውኑ ከተፍ ትላለች» አለኝ። አልልም። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሁለት ሁለት ከከተትኩበት አንዲት አይቦጭቅም፤ ከእኔም ከእርስዎም ይፈጥናል። የውሃውን ሙቀት እንደ እርስዎ በጣቴ ሳይሆን በቴርሞሜትር ነው የምለካው፤ የሚቃጠል ጣት የለም። አልዋሽዎትም እማማ፤ ሥራው ያለ እርስዎ ይሄዳል።

እኔ ነኝ የማልሄደው። ቅዳሜ ጠዋት ያ ነጭ ክፍል ውስጥ የሞተር ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሳጠፋው እሱም የለም። ስጣደፍ «ቀስ በይ፣ ዶሮዋ እንደሆነ ሞታለች፤ የትም አታመልጥሽም» የሚለኝ የለም። ባለፈው ሳምንት እንደገና ሐሞት አፈረጥኩና የሚስቅብኝ ሰው ፍለጋ ቀና አልኩ። ልጅዎ ነበር። «አይዞሽ» አለኝ። አይዞሽ ምን ያደርግልኛል? እናቴ የሞተችው ሕፃን ሳለሁ ነው፤ መልኳን እንኳ አላስታውስም። እናት ያገኘሁት ያ ሳፋ አጠገብ፣ እጄን በእጅዎ ሲይዙት ነው። ይህን ፊት ለፊት ብናገረው «እሱን ተይና ውሃውን እዪ» ብለው ያቋርጡኛል። አሁን ግን ማቋረጥ አይችሉም። እወድዎታለሁ። በጣም ናፍቀውኛል።

መስኮቱ ጋ ፀሐይ የሚያገኘው ወንበር አስቀምጬልዎታለሁ፤ መደገፊያ ያለው ነው። ሽርጥዎም ታጥቦ ተንጠልጥሎበታል። እጅዎ ደህና ሲሆን ይሥሩ፣ ሲያምዎት ይቀመጡ፣ ያውሩኝ፣ ይቆጡኝ። እጅ ኖረዎትም አልኖረዎትም ያ ወንበር የእርስዎ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።

ደግሞ ሰምቻለሁ። ሴት ልጅዎ ምስጢር አይቆይላትም። በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ወጥተው ያንን ቢላ እንደሚስሉት ነግራኛለች። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሽንኩርት እንኳ በማያስከትፉዎት ቤት! ለምን እንደሚስሉት እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ዓርብ ልጅዎ ከሥራ ሲወጣ በዚያው ይመጣልዎታል፤ ዕቃዎን ሸክፈው ይጠብቁት። መርፌውን እዚያው ይተዉት። ቢላውን ግን ሞረዱ በልቶ ሳይጨርሰው ይዘውልኝ ይምጡ።

ወንበሩን የምጠብቅልዎት
ምራትዎ፣ ጥድፊያ