ከአቡጀዲው ጀርባ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ፍየላችን ጣሪያው የወደቀው አሮጌ ሲኒማ ቤት ገብታ ኖሮ፣ ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር ልናወጣት ገባን። የፊልሙ አቡጀዲ ይወጠርበት የነበረው እንጨት እስካሁን ቆሟል። በጣሊያን ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ የመግቢያ ስላልነበረኝ በጓሮ ሾልኬ ፊልሙን ከአቡጀዲው ጀርባ ነበር የማየው።

«ፈረንጅ ሁሉ ፓስታውን በግራ እጁ ሲበላ ይገርመኝ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። «ከኋላ ሆነህ ስታይ ተገልብጦብህ ነው እንጂ በቀኛቸው ነበር የሚበሉ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሁሴን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ነዋ! ወንድሙ በረኛ አልነበር?»

ሁሴን የልብ ወዳጄ ነው። አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ይችን ነገር አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉ።

«ቀናህ እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ?»

«እኔ? በዚያ መላጣ ልቀና?» አልኩና ፍየሏን ያለ ጥፋቷ በአርጩሜ ሸነቆጥኳት።

ነገ ሁሴን ከጁምዓ መልስ ምሳ የሚበላው እኛ ቤት ነው። አጠገቧማ አላስቀምጠውም። ከማዶዋ ላድርገው ብዬ ወሰንኩ፤ ኋላ ሳስበው ግን እንደዚያ ከሆነ ምሳው እስኪያልቅ ፊት ለፊት ሊተያዩ ነው።