ለተቆረጡት አምስት ሰከንዶች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዓለም አቀፉ የልጆች ቴሌቪዥን ድርጅት ዋና ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ልጆችዎም የተጠየቁትን ሁሉ ሳይደናቀፉ እንዲመልሱ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በተከታታይ ፊልምዎ የጥንቸሏ ድምፅ ሆና በቋንቋችን ትናገር የነበረችው ባለቤቴ ናት፤ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት።

እንደሚያውቁት ጥንቸሏ ጥያቄ ትጠይቅና ጆሮዋን አቁማ የልጆችን መልስ ትጠብቃለች። በድርጅትዎ ደንብ የምትጠብቀው ሁለት ሰከንድ ነው። ልጃችን ግን መንተባተብ ስላለባት ሁለት ሰከንድ ለመጀመሪያው ፊደል እንኳ አይበቃትም። ስለዚህ እናቷ የድምፅ ባለሙያውን ደጅ ጠንታ ሰባት አስደረገችው። ልጅቱ ቃሉን እየገፋች ትጨርሰዋለች፣ እናቷም በጥንቸሏ አፍ «ጎበዝ የኔ ልጅ!» ትላታለች። እናቷ ከሞተችም በኋላ፣ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ አፏን ዘግታ የዋለች ልጅ እቤት ገብታ ለጥንቸሏ ትናገር ነበር።

እንግዲህ ስለዋሉልን ውለታ አመሰግናለሁ፤

፩. ፊልሙ በቴሌቪዥንም በስልክም፣ በየአገሩም እኩል እንዲሄድ ብለው አምስቱን ሰከንድ ስለቆረጡልን። ሁሉን በአንድ ልክ መቁረጥ ሥራ እንደሚያቀል አውቃለሁ፤ እኔ እንዲያ ባደርግ ግን ደንበኛ አንገቴን ያንቀኛል።

፪. የባለቤቴን ድምፅ በኮምፒውተር ድምፅ ስለተኩልን። አዲሱን ድምፅ ጉንፋን አይዘውም፣ አያረፍድም፣ አይሞትም። መጀመሪያ ሰሞን ልጄ የፊኛውን ቀለም ተጠይቃ «ቢ... ቢ...» እያለች ቢጫን ሳትጨርስ፣ እሱ «ጎበዝ!» ብሏት ያልፍ ነበር። ባልተናገረችው ነገር ስትመሰገን ዞራ ታየኛለች።

፫. የቀድሞው ቅጂ ለአንድ ቤት ብቻ እንዲመለስ ብለምንዎ፣ «የድምፁ ባለቤት ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ» የሚል ትሁት መልስ ስለላኩልኝ። ክቡርነትዎ፣ መቅረብ ብትችል ኖሮ ከፊርማዋ በፊት እኔ የምጠይቃት ብዙ ነገር ነበረኝ። በጣም ናፍቃኛለች።

ለሚቆጥቧት ለእያንዳንዷ ሰከንድ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ውድ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታዎን የምማጸን፣

ትሑት ተመልካችዎ
ልብስ ሰፊው፣ የአንዲት ልጅ አባት

ማስታወሻ፦ ከመልስዎ ጋር አያይዘው የላኩት መጠይቅ፣ ልጄ ፊልሙን የምታይበት ሰዓት ቀንሶ እንደሆነ ይጠይቃል። ደስ ይበልዎ፣ ምንም አልቀነሰም፤ በየቀኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ታያለች። መመለሱን ብቻ ነው የተወችው።