ባዕድ እጅ ያጠባቸው

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ የረገጥሽው ይለምልም፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ ድመቷም ወልዳለች።

ትኩሳቱ ግን ከሰፈራችን አልወጣም፤ ጎረቤታችን አናጢው ከሬሳ ሳጥን በቀር ሌላ መሥራት ትቷል። ዘመድ እንኳ ሬሳ መንካት ስለፈራ፣ ሟቾቹን አጥቤ የምገንዛቸው እኔ ነኝ። አባትሽንስ በሰው አገር ሲሞት ያጠቡት የማያውቁት ሰዎች አይደሉ? ጌታ ለእኛ ነፍሱን ሳይሰስት፣ እኔ እጄን ልሰስት? ከአባትሽ በኋላ ለምን እንደተረፍኩ የገባኝ አሁን ነው።

ትናንት አናጢው፣ «እትዬ፣ ኋላ የእርስዎን ሳጥን እንዳያሠሩኝ!» ቢለኝ፣ «እግሬ ረጅም ነው፣ ብቻ እንዳታሳጥርብኝ» ብዬ አሳቅሁት። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ እኔንም ያተኩሰኛል።

አደራ፣ ደውለው ነይ ቢሉሽ እንዳትመጪ። እዚያ ባለሽበት አገር ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት አጥበሽ ቅበሪልኝ፤ እኔን እንዳጠብሽ እቆጥረዋለሁ። እግዜር ከትኩሳትም ከብቸኝነትም ይሰውርሽ።