ከብስክሌት የወረድኩ ዕለት

ደብረ ማርቆስ
ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለጌታሰው፣
ሰመራ

የሂዊ አባት፣ እንደምን ከረምህ? የበረሃው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ደርበን ነው የምንወጣው። ዝናቡ ሳይገባ ጉሙ ቀድሞት መጥቷል። ሂዊ ደኅና ናት፣ ባሕር ዳር ትምህርቷን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች። ፎቶ ኮፒ ቤቱም በተመራቂ ተማሪ ተጨናንቋል፤ ማሽኑ ብቻ እንደ ሽማግሌ ያስለዋል። እኔማ ምን እሆናለሁ! ዘንድሮ ደስታ የሚባለው ነገር ሥራ ፈትቶ እኔ ቤት የተቀመጠ ይመስለኛል።

ጥያቄህ ደርሶኛል። ክረምቱ ሳይገባ ሱቁን ለሰው ለቀሽ፣ ቤቱን ቆልፈሽ ሰመራ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም፣ ቁርጡን ንገሪኝ ብለሃል። እነግርሃለሁ። በስልክ ሲሆን አንተ ታወራለህ፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ደብዳቤ ግን አፍ አፌን አይለኝም። ደግሞ ቁርጡ ብቻውን ቢመጣ አይገባህም፤ ዓመቱን ልንገርህ።

መቼም «ሚስትህ ብስክሌት ጀመረች» ብሎ ያልነገረህ የማርቆስ ሰው ያለ አይመስለኝም። እውነት ነው። ዕቃ ቤት ሰቅለሃት የሄድካትን ማውንቴን ብስክሌትህን ከመስቀል በኋላ አቧራዋን ልጠርግ ብዬ አወረድኳት። ተማሪ ሳለሁ የአጎቴን ብስክሌት እየሰረቅኩ እነዳ እንደነበር ነግሬህ የለ? እግር አይረሳም ለካ። ግቢውን አንዴ ዞርኩ። ደገምኩ። መቀመጫዋ በአንተ ቁመት ልክ ስለነበር ዝቅ አስደረግኋትና በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በአማኑኤል መንገድ ወጣሁ።

ምን ዓይነት ጠዋት እንደነበር እንዴት አድርጌ ልጻፈው! ጉሙ ሜዳውን ሁሉ እንደ ወተት ሞልቶታል። ከብቶቹ አካላቸው አይታይም፤ ቀንድ ብቻ ነው እዚህም እዚያም ብቅ ያለው፣ ቀንዱ ራሱ ከመሬት በቅሎ ሣር የሚግጥ ነው የሚመስለው። ጎማዋ ድምፅ የላትም። እኔም ክብደት የለኝም። እየነዳሁ ይሁን ገና አልጋዬ ላይ ተኝቼ እያለምኩ መለየት አቅቶኝ፣ ልነቃ እንዳይሆን ብዬ ፍሬን መንካት ፈራሁ። ያኔ ነው አበረ ያገኘኝ፤ የስፖርት አስተማሪው፣ የብስክሌት ልጆቹን የሚያሠለጥነው።

«እትዬ፣ ወዴት ነው እንዲህ በጠዋት?»

«የትም» አልኩት።

«የትም ለሚሄድ ሰው ጥሩ ይነዳሉ» አለኝ።

በዚሁ እሱ ቡድን ገባሁ። ሴቶቹ ሁሉ የሂዊ እኩያ ናቸው፣ ከሁሉም የምትፈጥነው ፍቅርአዲስ የምትባል የሉማሜ ልጅ ናት። መጀመሪያ «አንቱ» ሲሉኝ ቆዩ፤ አቀበት ላይ «አንቱ» ትንፋሽ ይጨርሳል መሰለኝ፣ በሳምንቱ ሁሉም «አንቺ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ውድድር ጥቅምት ላይ አማኑኤል ነበር፣ የኮረብታ። መጨረሻ ወጣሁ። ከኋላዬ የነበረችው አምቡላንሷ ብቻ ናት፣ እሷም ታዝናለች መሰል ጡሩንባ ሳታሰማ ነው የተከተለችኝ። ግን ቁልቁለቱን ብታየው! ጤፉ ግራና ቀኝ እየተኛ እየተነሣ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ የማላውቀውን ዜማ እየዘመረ። መጨረሻ መውጣቴ ትዝ ያለኝ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ዲማ። የዲማውንስ ከእኔ ይልቅ እናትህ እማማ ወለተ ኪዳን ቢጽፉልህ ይሻል ነበር። ዋዜማውን እሳቸው ጋ አድሬ፣ ጠዋት ለባብሼ ስወጣ ደረታቸውን ያዙ።

«ምራቴ በሱሪ? እንደ ወንድ ተፈናጥጣ? ያውም ድስት ራሷ ላይ ደፍታ!»

«ሄልሜት ነው እማዬ፣ ብወድቅ ያተርፈኛል።»

«ሰው ሊወድቅ አስቦ ከቤቱ ይወጣል?»

አላይም ብለው በር ዘጉ። ታዲያ የአጥሩን ጥግ ስታጠፍ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ፦ «ዞር በሉላት! የጌታሰው ሚስት ናት! አንቺ ደግሞ ምን ታንቀላፊያለሽ፣ ርገጪው እንጂ!» በሳቅ ልወድቅ ነበር። ማታ እግሬን በሞቀ ውሃ እያሹልኝ «በበቅሎ ዘመን ብትፈጠሪ ማን ይይዝሽ ነበር» አሉኝ።

በዐቢይ ጾም ውድድር የለም፤ ልምምድ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጣ፣ ሳይክሎክሮስ ይሉታል። በሣርና በጭቃ ላይ ነው የሚዞሩት። መንገዱ ላይ አግዳሚ እንጨት ይተክላሉ፤ እዚያ ስትደርስ ዘለህ ትወርዳለህ፣ ብስክሌቷን ትከሻህ ላይ አድርገህ ትሮጣለህ፣ ተሻግረህ እንደገና ዘለህ ትወጣለህ። እናትህ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ማን ማንን ነው የሚሸከመው?» አሉ። እኔን ግን ይህ ተስማማኝ። በእንስራ ውሃ ተሸክሞ አቀበት የወጣ ትከሻ ነው ያለኝ፤ ልጆቹ ሲንገዳገዱ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሻገራለሁ።

የመጨረሻው ውድድር ግንቦት ላይ እዚሁ ማርቆስ ዳር ነበር። ዝናብ አድሮበት መሬቱ ገንፎ ሆኗል። ከባሕር ዳር ሁሉ መጥተዋል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የዚያን ዕለት ጭቃው ከሌላው ጋር ሲጣላ እኔን አሳለፈኝ። አንዷን አለፍኩ፣ ሌላዋን አለፍኩ፣ ፍቅርአዲስን እንጨቱ ላይ አለፍኳት። ዙሩን ጨርሰን ወደ መድረሻው ስንታጠፍ ቀና ብል፣ ጌታሰው፣ ከፊቴ ማንም የለም። እርጥብ ሣርና ሰማይ ብቻ። ሰማዩ ሣሩ ላይ ባለው ውሃ ውስጥም አለ። የምሄደው በላይኛው ይሁን በታችኛው አላውቅም ነበር።

አበረ ታዲያ፣ የአገሩ ልጅ ሆኖ፣ መድረሻውን ሲያሰምር በኪዳነ ምሕረት ደጅ አሳልፎታል። አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታመው እንኳ በደጇ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ አልፈው ያውቃሉ? እኔም አላሰብኩበትም። ደጁ ሲመጣ እግሬ ራሱ ወረደ። ብስክሌቷን ግንቡ ላይ አስደግፌ፣ ድስቴን አውልቄ፣ ልሳለም ጎንበስ አልኩ።

ፍቅርአዲስ ደረሰችብኝ። «እትዬ፣ ምን ሆንሽ? የብስክሌትሽ ካቴና ወለቀ?» አለችና ደጁን ስታይ «ውይ በሞትኩት!» ብላ እሷም ዘላ ወረደች። አጠገቤ ተንበርክካ ግንቡን እየሳመች በክርኗ ትጎሽመኛለች።

«እትዬ፣ ቶሎ በይ፣ ያቺ የባሕር ዳሯ መጣች!»

«እመቤቴን አታጣድፊያት!»

የባሕር ዳሯ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ እንደ ነፋስ አለፈችን። አንደኛ ወጣች። ፍቅርአዲስ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ። አበረ ራሱን ይዞ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ! አንደኛ ነበርሽ እኮ!»

«ታዲያ መድረሻህን በደጇ ወስደህ፣ ተፈናጥጬ ልለፋት?»

ሳቁ መጣ። «ለከርሞ በሌላ በኩል አዞረዋለሁ።»

«እንዳታዞረው» አልኩት።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም። አንተ ከሄድክ ወዲህ በዚያ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር የምለው አንድ ነው፤ «እመቤቴ፣ ጌታሰውን መልሺልኝ።» በእግሬ ሳልፍም፣ በልምምድ ላይ ሳልፍም። ገናን ቀረህ፣ አልኩ። ፋሲካን ቀረህ፣ አልኩ። የዚያን ዕለት ግን ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አድርጌ «ስለ ሁሉም ተመስገን» አልኩ። ሌላ የምለምነው ፈለግሁ፣ ምንም አልመጣልኝም። ብድግ ብዬ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

ስምህን አለመጥራቴ ትዝ ያለኝ ጭቃዬን ስታጠብ ነው። ደነገጥኩ። ወደ ደጇ ልመለስ ብዬ ብስክሌቷን ያዝኩ። ልጆቹ ግን እየጨፈሩ ከበቡኝ፤ ሦስተኛ የወጣሁ ሳይሆን የተሞሸርኩ ነው የሚመስለው። አበረ እስክስታ መታ፣ ፀሐይዋም ጮቄ ተራራ ላይ እንደ ማር ፈሰሰች፤ ሳልመለስ መሸ።

ቁርጡን ንገሪኝ ስላልክ ነው ይህን የጻፍኩልህ። ሱቁን አለቅም፣ ክረምቱን እዚሁ ነኝ። አንተ ግን በጥቅምት፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ብትመጣ ቤቱ ቤትህ ነው። እናትህም ናፍቀውሃል።

እመቤቴ የበረሃውን ፀሐይ ታብርድልህ፣ የምትጠጣውን ውሃ ጤና ታድርግልህ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ ሐሳብ ትሰውርህ። እኔን እንደጠበቀችኝ ትጠብቅህ።

ዘመናይ ዋኘው