የሚስተር ሞተር ዝም አለ

ሰኞ

ጭራሽ ድምፅ የለም። ሚስተር የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ አዞረ፣ እግሩ እስኪዝል ማስነሻውን ረገጠ፤ ምንም። ክላክሱ አይጮህ፣ የፊት መብራቱ አይበራ። እኔ በረንዳ ላይ ምንጣፍ እያራገፍኩ ቁልቁል አየው ነበር። ቅዳሜ የቀባሁት አረንጓዴ በፀሐዩ እንዴት ያምራል! ለበረንዳው ብረት ተገዝቶ የተረፈ ቀለም ነው። ማዳሜ ለፋሲካ ብረት የሆነ ሁሉ ይቀባ ስትል፣ ሞተሩስ ምን በደለ ብዬ ኮርቻውን አንስቼ፣ የሚፈታ ብሎኑን ሁሉ ፈትቼ፣ ሥር ሥሩን ሳይቀር ሁለት ሁለቴ ቀባሁት። ሚስተር "ሙሽራ አደረግሽው" ብሎኝ ነበር። ሙሽራው እንግዲህ አኩርፏል።

ሚስተር፣ ዓረብ አገር የምሠራላት የማዳሜ ባል፣ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ዕቃውን በዚህ ሞተር ጭኖ ከደክዋኔ ሰፈር እስከ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ቤት ለቤት ይዞራል። ዛሬ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ወንድ፣ ያኒ ማለቴ፣ ለጽዳትም አይመችም፤ እግርህን አንሳ ስትይው ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል።

ማክሰኞ

ማዳሜ ወሰነች። ኦዛይ ሰፈር ጋራዥ ያለው ወንድሟ ቅዳሜ በፒክአፕ መጥቶ ይወስደዋል፣ ለመለዋወጫ ይፈታዋል። "ኸላስ፣ በቃ፣ እሱም አረጀ አንተም አረጀህ" አለችው። ሚስተር ስኳር ያልገባበትን ሻይ ሲያማስል ቆየ።

ለራሴም አዘንኩ፤ እውነቱን ልጻፍ። ከፋሲካ በኋላ መንዳት አስተምርሻለሁ ብሎኛል። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ማን ይስቃል? ይሳቁ። ማዳሜ ቀትር ላይ ስትተኛ ቆሻሻ ልጥል ወርጄ፣ የቆመው ሞተር ላይ ወጥቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። መንገዱ ራሱ ወደ እኔ መጣ። ባሕሩ በግራዬ፣ ነፋሱ በሻሼ ውስጥ። ከመኪና ሁሉ ቀድሜ፣ ማንም ስሜን ሳይጠራ፣ ዝም ብሎ መንሳፈፍ! ስነቃ የቆሻሻው ፌስታል አሁንም እጄ ላይ ነው።

ረቡዕ

ሚስተር ያደረገው፦ ፊውዝ ቀየረ። ባትሪው ውስጥ ውኃ ጨመረ። ባትሪውን ተሸክሞ ሄዶ ቻርጅ አስደረገ። ካንዴላውን ጠረገ።

ምንም። መርፌና ጥርስ ያለው መኪና እንጂ ኤሌክትሪክ አይገባውም፤ ይፈራዋል። "ሞቷል" አለኝ።

እስቲ አንድ ትርፍ የሞተር አምፖል ስጠኝ አልኩት። በሁለት ሽቦ አስሬ ባትሪው ላይ ጫፍና ጫፉን አስነካሁት፤ ቦግ! ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። ሚስተር አምፖሉን ትቶ እኔን አየ። የት ተማርሽ ሲለኝ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ፊዚክስ አልኩት። ሰባት ዓመት ቤቱ ስኖር ትምህርቴን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ሽንኩርት ስልጥ ሁሉ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ።

ሐሙስ

ሚስተር ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ቁልቁል ወደ መንገዱ ያያል። እኔ የፊዚክስ መምህሬን ሳስታውስ አደርኩ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ከወጣ፣ ዞሮ ባትሪው ጋ ካልተመለሰ አይሠራም ይሉን ነበር። ልብስ ሳሰጣ ይህንኑ ከላይኛው ፎቅ ለምትሠራው ለወሎዋ ዘሃራ ነገርኳት።

"መሄድ ብቻ አይበቃውም?" አለችኝ።

"አይበቃውም። መመለስ አለበት።"

"እንዲያ ከሆነ ከእኛ ይሻላል፣ እትዬ ጽጌ" ብላ የሰው አንሶላ ይዛ ተንከተከተች። እኔም ሳቅኩ። የሳቅነው ግን አንድ ዓይነት ሳቅ አይደለም መሰለኝ።

ዓርብ

አገኘሁት! ማዳሜ እንደተኛች ወረድኩ። የአምፖሉን አንዱን ሽቦ ኤሌክትሪኩ በሚወጣበት የባትሪው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አስነካሁ፤ ጨለማ። ሌላ ቦታ ፍቄ ሞከርኩ፤ ጨለማ። መመለሻው ተቆርጧል ማለት ነው። ወደ ባትሪው የሚመልሰውን ጥቁር ገመድ በጣቴ ተከትዬ ኮርቻው ሥር ብረቱ ላይ ከታሰረበት ብሎን ደረስኩ። ፈታሁት። ከሥሩ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? የገዛ አረንጓዴዬ። ሁለት ድርብ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስተርን አምስት ቀን ቤት ያስዋልኩት እኔ፣ በንጹሕ ሥራዬ!

ነጭ ብረት እስኪታይ በቢላ ፋቅኩት፣ አሰርኩት፣ ቁልፉን አዙሬ ክላክሱን ስነካው ሕንጻው በሙሉ ሰማ። ሚስተር በፒጃማ ወረደ። አንዴ ቢረግጠው ተነሣ። ማዳሜ ከበረንዳ አማተበች፤ ለእመቤታችን ሻማ ተስላ ኖሯል፣ ተአምር አለችው። እኔም ፈሪዋ ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ግን ዋጋ አስከፈለኝ። ያለ ምክንያት የቆመ ነገር ያለ ምክንያት መንገድ መሐል ይቆማል፣ ወንድሜ ነገ ይምጣ አለች። ልክ ናት እኮ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ

ፒክአፑ መጣ። ወንድሟ ሞተሩን መጫኛ ሳንቃ ዘረጋ። ሚስተር መሪውን ይዞ አይለቅም። የብሎን መፍቻውን ይዤ ወረድኩ።

"ማዳም፣ ተአምር አይደለም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ብሎኑን ፈትቼ አሳየኋቸው። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየና እስኪያስለው ሳቀ፤ ጤነኛ ሞተር አልፈታም፣ ብሎ ሳንቃውን መለሰ። ማዳሜ ፊቷ ቀላ። ይሄኔ ሚስተር ቀስ ብሎ፣ "ሌላስ ምን ቀብተሻል?" አለኝ። የመሰላሉን እግር፣ የጋዙን ሲሊንደር፣ የጓዳውን በር ማጠፊያ ብዬ ስቆጥር እሱም መሳቅ ጀመረ፤ ዕንባው እስኪመጣ።

ዕቃውን ጭኖ ፉርን ኤል ሸባክ ሄደ፣ ሲመሽ በሰላም ገባ። እራት ላይ ሳህን ሳነሳ፣ "ፋሲካን ሳንጠብቅ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ መንዳቱን ግቢው ውስጥ እንጀምራለን" አለኝ። "መጀመሪያ ማቆም ነው የምትማሪው፤ መሄዱን በኋላ።"

ማዳሜ ሰምታለች። ከጠዋት ጀምሮ አላናገረችኝም። ብቻ ተነሥታ ለሞተር የሚመች የራሷን ጠፍጣፋ ጫማ ከቁም ሣጥን አውጥታ የክፍሌ በር ላይ አስቀመጠችው። ለካሁት፤ ትንሽ ይጠበኛል። ልንገራት ይሆን?