የስንሻው ሪዝ

ቡሬ፣ መጋቢት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ስንሻው ወንድሜ፣

ዛሬ የዓለምን ድህነት አጥፍቼ ዋልሁ። ኧረ ግዴለም፣ የዓለሙ ይቅርና የማታ ትምህርታችንን ጨለማ ብቻ ነው የገፈፍሁት።

እዚህ የቡሬ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ዓለም ድህነት የሚመክሩበት ክበብ አላቸው። ድሃውን አገር ሁሉ በቀይ የቀቡበት ካርታ ሰቅለዋል፤ የእኛን ማንኩሳን በጣቴ ብፈልግ አጣኋት። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው ይሰበሰባሉ፤ እኛ ባንድ ኩራዝ ዙሪያ ግንባር ለግንባር እንጋጫለን። ችግር ለጠናበት የማታ ትምህርት የፀሐይ መብራት ሊሰጡ ነው ከየቀበሌው አንዳንድ ሰው የጠሩት። ሌላው ሁሉ አልቅሶ ተናገረ። የእኔን አፍ ታውቀው የለ? "የማንኩሳ አፈር ቅቤ ነው፣ በሬያችን ዝሆን ያክላል!" ብዬ ጀመርሁ።

ሳሌም የምትባለው ጸሐፊያቸው ብዕሯን አስቀመጠችና፣ "እንግዲያው መብራቱን ለተቸገረ እንስጠው፣ ጋሼ?" አለችኝ።

"እህቴ፣ በሬ እኮ አያበራም!" አልሁና የአንተን ነገር አነሳሁ። ኩራዙ ላይ ተደፍተህ ስታነብ የግራ ሪዝህ እንደተቃጠለ ነገርኋቸው። መብራቱ የእኛ ሆነ! ቅዳሜ ራሳቸው ያመጡልናል፤ አንተንም ሊያዩህ ጓጉተዋል።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መምህርታችንን ሰብለን "አንሙት ይህን ራሱ ያለ አጋዥ ጻፈው" በላት። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ የሪዝህ መቃጠል ብቻ የእኔ ፈጠራ ነው። ስለዚህ እባክህ ኩራዙን ሳትጥል፣ ቅዳሜ ሳይደርሱ ግራውን ለብለብ አድርገው።

አንሙት